ተማሪ በክረምት ወደ ቤቱ ሲመለስ

ትምህርት ቤት በሰኔ መጨረሻ ተዘግቶ እስከ መስከረም ድረስ ተማሪው በአባቱ ቤት የሚቀመጥበት ወራት ለብዙ ሰው የሥራ ፈት ጊዜ መስሎ ይታያል። ነገር ግን ልጁ ከፊደልና ከሒሳብ ሌላ ምን እንደ ተማረ የሚታወቀው በዚሁ ጊዜ ነው።

በቀድሞው ልማድ የቆሎ ተማሪ በዘመድ አጠገብ ልቡ እንዳይከፈልበት ደበሎውን ለብሶ፥ አኮፋዳውን አንግቶ፥ ከአገሩ ይርቅ ነበር። ከብዙ ዓመት በኋላ ጎልማሳ ሆኖ ሲመለስ መለወጡን ያየው ሁሉ ያውቀው ነበር። በወረዳው ከተማ ቤት ተከራይቶ የሚማረው የዛሬው ልጅ ግን ለስንቅ ብቅ እያለ አድሮ ይመለሳልና፥ መለወጡን ቤተ ሰቡም ራሱም ሳያስተውሉት ይቀራሉ።

ሐምሌ ገብቶ ወንዙ ሲሞላና መንገዱ ሲቆረጥ ግን በቤት መዋል ግድ ይሆናል። ማለዳ አረም አርሞ፥ ማታ ከብቱን አግብቶ፥ ከምድጃው አጠገብ ዝም ብሎ ይቀመጣል። አባት ይህን ዝምታ ባየ ጊዜ ወይ ታሟል ይላል፤ ወይ ኮርቶብናል ይላል። ሁለቱም ላይሆን ይችላል። ያደገበት ጣሪያ ዝቅ ብሎ ታይቶት፥ የተለወጠው ቤቱ ይሁን ወይስ እርሱ፥ ያንኑ እየመረመረ ይሆናል። እንዲህ ያለውን ልጅ በጥያቄ ማዋከብ አይገባም። በዝምታ አመካኝቶ ከሥራ የሚሸሽ አይጠፋም፤ እርሱን ግን ገበሬው አባቱ ከማንም ይልቅ ያውቀዋል።

ይልቁንም የሚያሠጋው ኀፍረት ነው። የእናቱን አነጋገር በሰው ፊት የሚያርም ተማሪ አለ። ይኸው ልጅ የመሬት ይዞታ ደብተሩን አንብብልን ሲባል በቃሉ ክብደት ይንተባተባል፤ ፊደል ያልቆጠረው አባቱ ግን በምሥራቅ ማን፥ በምዕራብ ማን እንደሚያዋስነው ሳያይ ይነግረዋል። ልጁ በዚያች ሰዓት ደብተሩን ሳይዘጋ፥ ከአባቱ ቃል ጋራ እያስተያየ፥ እንደ ገና በዝግታ ያነበበ እንደ ሆነ፥ የዓመቱ ትምህርት በከንቱ አልቀረም።

ነሐሴ 13 ቀን ቡሄ ሲሆን ሕፃናት ዱላቸውን እየመቱ ከደጅ ይቆማሉ። ከጥቂት ዓመት በፊት የሆያ ሆዬው አውራጅ እርሱ ነበር፤ አሁን ግን እናቱ ሙልሙሉን ለልጆቹ እንዲሰጥ በእጁ ታስይዘዋለች። ከሕፃናቱም አይደለም፤ ከሽማግሌዎቹም ገና አልተቈጠረም።

በመስከረም መምህሩ ስለ ዕረፍታችሁ ጽፋችሁ አምጡ ባለ ጊዜ፥ የሆሄውን ስሕተት ብቻ አርሞ ወረቀቱን አይመልስ። ብዙው ተማሪ ስለ ዝናቡና ስለ እርሻው ገጹን ይሞላል፤ ስለዚያች ሙልሙል ሁለት መስመር ብቻ የጻፈ ይገኝ ይሆናል።