የጀልባችን ቁጥር

(በማኅበራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ የቀረበ ንግግር)

የተከበራችሁ የማኅበራችን እናቶችና እህቶች፣ ከቅርብም ከሩቅም በገንዘብና በሐሳብ የምትደግፉን ወዳጆቻችን፤

ዛሬ እንድንናገርበት የተሰጠን ርእስ ትንሽ ይመስላል። አዲሷ ጀልባችን ላይ ስለተተከለው ቁጥር ነው። «ለአንድ ቁጥር ይህን ያህል ንግግር ምን ያደርጋል?» ያላችሁ እንዳላችሁ ሰምተናል። ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱ ግን የሚጀምረው ከመጀመሪያዋ ጀልባችን ነው። ባለፈው ሪፖርታችን ስለ እሷ የጻፍነው አንድ መስመር ብቻ ነበር፤ «ጀልባዋ ጠፍታለች፣ ሞተሩ ተገኝቷል» የሚል። ሙሉውን ያልነገርናችሁ አፍረን ነው። ዛሬ እንነግራችኋለን።

ያቺን ጀልባ የገዛናት ግማሹን በእቁብ ካጠራቀምነው፣ ግማሹን ከእናንተ ካገኘነው ገንዘብ ነበር። ከዚያ በፊት አሳውንም፣ የዘጌውን ቡናና ማንጎም ወደ ባሕር ዳር ገበያ የምናደርሰው በሰው ጀልባ ስለነበር ከትርፋችን ብዙው ለኪራይ ይሄድ ነበር። ጀልባዋ ስትመጣ የማኅበራችንን ስምና «ቁጥር 1» የሚል ጽሑፍ በዘይት ቀለም በጎኗ ላይ አስጻፍን። ፎቶ ተነሣን፣ እልል አልን። ምልክት ያለን መስሎን ነበር።

በክረምት፣ አንድ ንጋት ላይ ማሰሪያው ባዶ ሆኖ ተገኘ። ገመዱ ተቆርጦ ነበር። ያን ጊዜ የሆነውን ስንናገር ራሳችንን አንሸፍንም። ጥበቃ የነበሩትን አዛውንት ክፉ ቃል ተናገርናቸው። ጀልባዋን ከዋዜማው ወስዶ የመለሰው የአንዲት እህታችን ወንድም ስለነበር ጥርጣሬያችን ወደ እሷ ዞረ። ፊት ለፊት ያላት የለም፤ ግን ቡና ስናፈላ አልጠራናትም፣ ሰላምታችንም ቀዘቀዘ። እሷም ስብሰባ መምጣቷን ተወች።

ከሦስት ወር በኋላ ከሐይቁ ማዶ ጀልባዋን ያየ ሰው ነገረን። ሄድን። ቀለሟ ተፍቆ በሌላ ቀለም ተቀብታለች። እኛ ግን እንደ ልጃችን አወቅናት። የያዛት ሰው «ገንዘቤን ከፍዬ ነው የገዛሁት» አለና የተፈረመበት ወረቀት አወጣ። ነገሩ ወደ ሽማግሌዎች፣ ከዚያም ወደ ሕግ ሄደ። የተጠየቅነው አንድ ነገር ነው፤ «ምልክቷ ምንድን ነው?»

አንዳችን «በቀኝ ጎኗ ጥጋን አለ» አልን። ሌላዋ «በግራ ነው» አለች። ሦስተኛዋ መቀመጫዋ ሳንቃ መቀየሩን ተናገረች፤ ሰውየው ግን መቀመጫውን በሙሉ አስለውጦታል። ደረሰኛችን «አንድ የፋይበር ጀልባ፣ ርዝመቱ 7 ሜትር» ይላል። እንዲህ ያለች ጀልባ ከአንድ ፎርማ ብዙ ትወጣለች። እውነቱ በእጃችን ነበር፤ ማስረጃው ግን አልነበረም።

ሞተሩን በተመለከተ የሆነው ሌላ ነው። ፋብሪካው ሞተሩን ከጀልባ ጋር በሚያስረው ክፍል ላይ ቁጥር አትሞበታል። ያ ቁጥር በደረሰኛችን ላይ ተጽፏል። ሁለቱ ጎን ለጎን ተያዩ፣ አንድ ሆኑ፤ ክርክር አልነበረም። ሞተሩ በዚያው ቀን ተመለሰልን። ሰውየው ሞተሩን ከአንድ ሰው፣ ጀልባዋን ከሌላ ሰው እንደገዛ ስለተናገረ ጀልባዋ እዚያው ቀረች። ቁጥር ያለው መጣ፣ ቁጥር የሌላት ቀረች። ሞተሩን ተሸክመን በሰው ጀልባ ስንመለስ ከመካከላችን አንድም የተናገረ አልነበረም።

ሞተሩ ከማን እጅ ወደ ማን እንደሄደ ሲጣራ የእህታችን ወንድም ምንም እጅ እንደሌለበት፣ ጥበቃችንም እንደማያውቁ ታወቀ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንደሚባለው፣ ሽማግሌ ይዘን ይቅርታ ልንጠይቅ ሄድን። እህታችን ይቅር ብላናለች። ይህን በጉባኤ እንድንናገረው የፈቀደችው እሷ ናት፤ አሁንም እዚሁ ተቀምጣለች። ያለቀሰችባቸውን ወራት ግን ልንመልስላት አንችልም። ስለዚህ ዛሬ ስለ ቁጥር ስንናገር ስለ ሌባ ብቻ እየተናገርን እንዳልሆነ ይታወቅልን። የጋራ ንብረት ምልክት ሲያጣ ሰዎች እርስ በርሳቸው መጠራጠር ይጀምራሉ።

አሁን ወደ ሥራው እንግባ።

መኪና ያለው ሰው ታርጋና ሻንሲ ቁጥር ለየብቻ መሆናቸውን ያውቃል። ታርጋ ይነቀላል፣ ይለወጣል። ሻንሲ ቁጥር ግን ከመኪናው አካል ጋር ተወልዶ ከእሱ ጋር ያረጃል። የጀልባ አካል ቁጥርም እንዲሁ ነው። በጎኗ ላይ በቀለም የሚጻፈው ታርጋዋ ነው፤ እኛ ያጣነው ሻንሲዋን ነው።

በአሜሪካ ይህ ቁጥር እ.ኤ.አ. ከ1972 ጀምሮ ለሚሠሩ ጀልባዎች ግዴታ ነው። 12 ፊደላትና አኃዞች አሉት። የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ ሠሪው ማን እንደሆነ፣ ቀጣዮቹ አምስቱ ጀልባዋ ስንተኛ እንደሆነች፣ የመጨረሻዎቹ አራቱ ደግሞ የተሠራችበትን ወርና ዓመት፣ እንዲሁም የሞዴሏን ዓመት ይናገራሉ። በአውሮፓ ኅብረት የአገር መለያ ይጨመርበትና 14 ይሆናል። ጥቅሙ የተሰረቀን ለማግኘት ብቻ አይደለም። አንድ ፋብሪካ የሠራቸው ጀልባዎች ጉድለት ቢገኝባቸው የትኞቹ እንደሆኑ ተለይተው ለባለቤቶቹ የሚነገረው በዚሁ ቁጥር ነው።

የእኛ ጣና የራሱ ልማድ አለው። ታንኳ ከደንገል ይታሰራል፣ ውኃ ሲጠጣ ይከብዳል፣ በጥቂት ወራት ያረጅና ሌላ ይታሰራል። ለታንኳ ቁጥር አያስፈልገውም፤ የሠራው እጅ ራሱ ምልክቱ ነው። የፋይበር ጀልባ ግን በደንብ ከተያዘች ብዙ ዓመት ትኖራለች። ከእጅ ወደ እጅ ታልፋለች፣ እኛ ካለፍን በኋላም ልትቆይ ትችላለች። ስለዚህ ማንነቷ በእኛ ትዝታ ላይ ብቻ ሊቆም አይገባም።

ሁለተኛዋን ጀልባ ስናሠራ ሠሪው የራሱ ቁጥር እንደሌለው ነገረን። ስለዚህ የማኅበራችንን ቁጥር አወጣን። ይህ ቁጥር የመንግሥት ምዝገባን አይተካም፤ የውጭ አገር ቁጥርም አስመስለን አልሠራንም። የእኛ መለያ ነው። ቅደም ተከተሉን ግን ከዚያው ከ12ቱ ተምረናል።

ለመጀመሪያዎቹ ሦስት ፊደላት «እህት» የሚለውን ወደን ነበር። ነገር ግን በአሜሪካው አሠራር ከ1 እና ከ0 ጋር የሚምታቱ የላቲን ፊደላት በተራ ቁጥሩ ውስጥ እንደማይገቡ ስንሰማ ወደራሳችን ፊደል ተመለከትን። በስልክ «ህ» ሲባል ሀሌታው ነው፣ ሐመሩ ነው ወይስ ብዙኃኑ? «እ»ም አልፋው ነው ወይስ ዓይኑ? አንዱ ሌላውን ጽፎ ቢገኝ ነገ «ይህ የእናንተ አይደለም» እንባላለን። ስለዚህ ሞክሼ የሌላቸውን ፊደላት መርጠን «መረብ» አልን። ቀጥሎ ተራ ቁጥሯ 00002፣ ከዚያም የተሠራችበት ወርና ዓመት፣ የካቲት 2017፣ 0617 ተብሎ። ሲነበብ «መረብ 00002 0617» ነው። 00001ን ለማንም አንሰጥም። የቀረችው ጀልባችን ቁጥር ነው።

ቦታውን ስንመርጥ ሞተሩ የሚታሰርበትን የኋላ ግድግዳ በውጭ በኩል ያዝን፤ ወደ ፊት ዞረን ስንቆም በቀኛችን፣ ከላይኛው ጠርዝ ዝቅ ብሎ። በአሜሪካም ደንቡ እንዲሁ ነው። ቦታው የታወቀ ሲሆን የሚመረምረው ሰው አይፈልግም፣ ወዲያው ያያል። ከውኃው በላይ ስለሆነም ጭቃውና እምቦጩ አይፍቁትም። ሞተሩ፣ ገመዱ ወይም ጎማው እንዳይሸፍነው አስቀድመን ሁሉንም ቦታ ቦታው አድርገን አየን። ይህን ሳያደርጉ መትከል ቁጥሩን ተክሎ መደበቅ ነው።

ቁጥሩ የተመታው በማይዝግ ላሜራ ላይ ነው። እዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ አለ። ቁጥር መምቻውን በፋይበር ላይ አስቀምጦ በመዶሻ መምታት ጀልባዋን ይሰነጥቃታል። ላሜራው መጀመሪያ ጠንካራ ብረት ላይ ተደርጎ ይመታል፣ ከዚያ ይተከላል። የአሜሪካው ደንብ የፊደሉ ቁመት ከ6 ሚሊሜትር ትንሽ እንዲበልጥ ያዛል። እኛ መነጽር የሌላቸውን እናቶቻችንን አስበን 1 ሴንቲሜትር አደረግነው።

የሚተከልበት ቦታ በሳሙና ታጠበ፣ ደረቀ፣ በብርጭቆ ወረቀት ተፋቀ፣ አቧራው በደንብ ተጠረገ። ጀርባው ላይ ኢፖክሲ ተቀብቶ ተለጠፈ፤ በአራቱ ማእዘን ደግሞ በሪቬት ተያዘ። በትራፓኖ የተበሳው እያንዳንዱ ቀዳዳ ውኃ በማያሳልፍ ማሸጊያ ተሞላ። ምክንያቱም በኋለኛው ግድግዳ ውስጥ እንጨት አለ። በትንሽ ቀዳዳ የገባ ውኃ እንጨቱን ያበሰብሰዋል፣ የበሰበሰ ግድግዳም ሞተር አይሸከምም። ለመታወቂያ ብለን ጀልባዋን መግደል የለብንም።

ብረት ጀልባ ያላችሁ ማኅበራት ካላችሁ ላሜራውን ማስበየድ ትችላላችሁ። የእንጨት ከሆነች ቁጥሩ ይቀረጻል ወይም በጋለ ብረት ይተኮሳል። ዘዴው ይለያይ፤ መመዘኛው ግን አንድ ነው። ቁጥሩን ማንሣት የሚፈልግ ሰው የማይጠፋ ጠባሳ ትቶ መሄድ አለበት።

ላሜራ በግራይንደር ሊነሣ እንደሚችል እናውቃለን። ለዚህም ሁለተኛ ቁጥር አለ። ጀልባዋ ገና ስትሠራ ያው ቁጥር በማይለቅ ቀለም በፋይበር ጨርቅ ላይ ተጽፎ፣ በውስጥ በኩል በሬዚን ተሸፍኖ ከገላዋ ጋር አንድ ሆኗል። እሱን ለማጥፋት ጀልባዋን መቁረጥ ያስፈልጋል። የት እንዳለ ግን በዚህ ጉባኤ አንናገርም። ሦስት አባላት ያውቁታል፤ ቦታው ተጽፎም በታሸገ ፖስታ ተቀምጧል።

ቁጥር ብቻውን ዲዳ ነው፤ የሚናገርለት መዝገብ ነው። ስለዚህ ወረቀት በላሜራው ላይ አድርገን በእርሳስ በማሸት ቅጂውን አወጣን። ከፎቶዋና ከደረሰኙ ጋር አንዱ በማኅበሩ ሣጥን፣ አንዱ በምዝገባው ፋይል፣ አንዱ በረጂዎቻችን ዘንድ ይገኛል። ደረሰኙም አሁን «አንድ የፋይበር ጀልባ» አይልም፤ ቁጥሯን ይጠራል። ባለቤቷም በነጂው ወይም በሊቀመንበሯ ስም ሳይሆን በማኅበሩ ስም ተጽፏል።

ወጪው ይታወቅ ዘንድ፣ ላሜራውም፣ ማስመቻውም፣ ማጣበቂያውም ተደምሮ ከአንድ ጥሩ የገበያ ቀን የአሳ ሽያጫችን አልበለጠም። ያጣነውን ለማጠራቀም ግን ስንት ዓመት እንደፈጀብን የእቁቡ ደብተር ይናገራል።

ከአባላት ሦስት ነገር እንጠይቃለን። ጀልባዋ ስትቀባ ቁጥሩ ላይ ፕላስተር ይለጠፍ፤ ቀለም ሞልቶት እንዳይጠፋ። ጀልባዋን የሚወስድና የሚመልስ ሁሉ ቁጥሩን አይቶ ይፈርም፤ እንዲህ ከሆነ ማንም ያለ ምክንያት አይጠረጠርም። ሦስተኛ፣ እያንዳንዳችን ቁጥሩን በቃላችን እንያዝ። ፊደል ያልቆጠራችሁ እናቶቻችን ጎድጓዳ ስለሆነ በጣታችሁ ተከትላችሁ መማር ትችላላችሁ። ዳግመኛ «ምልክቷ ምንድን ነው?» ብንባል የሁላችንም መልስ አንድ መሆን አለበት።

ከወዳጆቻችን ደግሞ አንድ ነገር እንጠይቃለን። ለሌሎች እህቶች ጀልባ፣ ወፍጮ ወይም ሞተር ስትገዙ ከርክክቡ በፊት «ቁጥሩ የታለ? በማንስ ስም ተመዘገበ?» ብላችሁ ጠይቁ። እንደማታምኑን አንቆጥረውም። እኛን ያን ጊዜ የጠየቀን ቢኖር ኖሮ ዛሬ ሁለት ጀልባ ይኖረን ነበር።

ከምሳ በኋላ ወደ ማሰሪያው አብረን እንወርዳለን። ወረቀትና እርሳስ አዘጋጅተናል፤ እያንዳንዱ አባል የቁጥሩን ቅጂ ለራሱ ያወጣል። ጥበቃችን አባታችንም እዚያ ይጠብቁናል። የመጀመሪያውን ቅጂ እሳቸው እንዲያወጡ ጠይቀናቸው እሺ ብለውናል።