የኤሌክትሪክ መኪናው በማን ቆጣሪ ይሞላል?

በቤኤር ያዕቆብ ለነዋሪ ቤተሰቦች በተደረገ ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር



የዛሬው ንግግር ስለ ኤሌክትሪክ መኪና መሙያ፣ በዕብራይስጥ ዔምዳት ጥዒና ስለሚባለው ነው ሲባል አንዳንድ እናቶች «እኛ መኪና የለን፣ ምን ያገባናል?» ብላችሁ ልትነሱ ስትሉ አይቻለሁ። እባካችሁ ተቀመጡ። ነገሩ መኪና የሌላቸውንም ይነካል።

እኔ በምኖርበት ሕንፃ አንድ ጎረቤታችን የኤሌክትሪክ መኪና ገዛ። ጥሩ ሰው ነው፣ ክፋት አላሰበም። ማታ ማታ ገመዱን በመኪና ማቆሚያው ግድግዳ ላይ ካለው ሶኬት ይሰካል። ያ ሶኬት ግን ለጽዳት ሠራተኛው የተሠራ ነበር፤ የሚቆጠረውም ከደረጃው መብራትና ከሊፍቱ ጋር በአንድ ቆጣሪ ነው። ከጥቂት ወራት በኋላ የጋራው ሒሳብ ከፍ አለና ቫዓድ ባይቱ በየቤቱ ጨመረብን። ሦስተኛ ፎቅ ላይ በቢቱዋህ ሌኡሚ ቂጽባ የሚተዳደሩ አንዲት እናታችን አሉ። ደረጃው ላይ አግኝተውኝ «ልጄ፣ እኔ የምሄደው በአውቶቡስ፣ የምከፍለው ለመኪና ሆነ እኮ» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም። እኔ ራሴ የቫዓዱ አባል ነበርኩና።

የገንዘቡ ጥፋት ለሁሉም ይታያል። የማይታየው ሌላ ነው። ተራ ሶኬትና ሽቦው ሌሊቱን ሙሉ ለብዙ ሰዓት ከባድ ኃይል እንዲያሳልፉ አልተሠሩም፤ ይግላሉ፣ እሳትም ሊያስነሡ ይችላሉ። መሙያ መትከል የሐሽማላይ ሙስማኽ ሥራ ነው እንጂ እጁ የቀና የአክስት ልጅ ሥራ አይደለም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። መኪናው እየበዛ ይሄዳል። አገር ቤት እንኳ መንግሥት በ2024 መጀመሪያ በነዳጅ የሚሄዱ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከልክሏል። ዛሬ በአንድ ሕንፃ አንድ መኪና ካለ ነገ አሥር ይሆናል። እያንዳንዱ ለራሱ 11 ኪሎዋት የሚስብ ትልቅ መሙያ ተክሎ ከሥራ እንደገባ ቢሰካ፣ አሥሩ በአንድ ጊዜ 110 ኪሎዋት ይጠይቃሉ። ያም ዱዱ፣ ማዝጋኑና ምድጃው ሁሉ በሚሠራበት ሰዓት ነው፤ ዓርብ ማታ ከሆነ ደግሞ የሰንበት ፕላታው ይጨመራል። ያረጀ ሕንፃ ይህን አይችልም።

ነገር ግን በቀን 40 ኪሎሜትር የሚነዳ ሰው የሚያስፈልገው 7 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ነው። ለአሥር መኪና 70 ማለት ነው። በሌሊቱ 10 ሰዓት ላይ ቢከፋፈል በአንድ ጊዜ 7 ኪሎዋት ብቻ ይሆናል፤ የሦስት ዱድ ያህል! ኃይሉን በተራ የሚያከፋፍል መሣሪያ አለ፣ ኒሁል ዖማሲም ይባላል። የሚሠራው ግን ሁሉም በአንድ መሥመር ከገቡ ነው። ቀድሞ የገዛው ያለውን ኃይል ለብቻው ከወሰደ ለኋለኛው አይተርፍም፤ ኋለኛው ደግሞ ገና እያጠራቀመ ያለው የእኛ ልጅ ነው።

በኦሪት ያዕቆብ በደረሰበት ጉድጓድ እረኞቹ መንጋው ሁሉ ሳይሰበሰብ ድንጋዩን አያነሡም ነበር። ያዕቆብ ብቻውን አነሣው፤ እሱ ግን ራሔልን አይቶ ነው።

ስለዚህ አሴፋ ሲጠራ ሂዱ። የመኪና ማቆሚያው በታቡ በስማችሁ ተጽፎ እንደሆነ ወይም የጋራ እንደሆነ አረጋግጡ። ቦታው የእናንተ ቢሆንም ሽቦው የሚያልፍበት ግድግዳ የጋራ ነው። በኪራይ የምትኖሩ መጀመሪያ ባለቤቱን ጠይቁ፣ በጽሑፍም ተቀበሉ። ከጎረቤት ጋር መስማማት ካልተቻለ ክርክሩን የሚያየው የመሬት ምዝገባው ሜፋቄያሕ ነው፤ በደረጃ ላይ መጯጯህ ምንም አያመጣም።

አንድ ኩባንያም ወደ ሕንፃችን መጥቶ «ሁሉን በነፃ እንተክላለን» አለን። ወረቀቱን ስናነብ ለ15 ዓመት ከእሱ በቀር ማንም እንዳይተክል ይላል። የኪሎዋት ሰዓቱን ዋጋ የሚወስነውም እሱ ነው። ቤተር ፕሌስን የምታስታውሱ ትኖራላችሁ፤ ባትሪ የሚቀይሩ ጣቢያዎች በአገሩ ሁሉ ተክሎ ነበር። በግንቦት 2013 ከሰረ። መኪናውን የገዙት ሰዎች ባትሪው የኩባንያው ስለነበረ ግራ ገባቸው። እንግዲህ ስትፈርሙ፣ ኩባንያው ቢከስር ወይም ቢሸጥ ሽቦውና ሣጥኑ የማን እንደሚሆን ይጻፍ። ዕብራይስጡ ከከበዳችሁ «ነገ እፈርማለሁ» በሉና ለልጆቻችሁ አሳዩ። ይህ ነውር አይደለም።

በእኛ ሕንፃ የጽዳቱ ሶኬት ተቆልፏል። ጎረቤታችን ከራሱ ቆጣሪ ሽቦ አስጎትቷል፣ ያለፈውንም ከፍሏል። ማንም ሳያስገድደው ነው፤ ለዚህ አመሰግነዋለሁ። እናታችንም ከልጅ ልጃቸው ጋር አሴፋው ላይ መጡ፤ ልጅቷ ውሉን ድምፅዋን ከፍ አድርጋ አነበበችልን። «15 ዓመት» የሚለውን ሰርዘን ለኩባንያው መልሰናል፤ መልሱ ገና አልመጣም።