በጋ ሲሆን በደጃችን የሚያልፉ እንግዶች



ዛሬ የምንነጋገረው ተራራውን ለማየት፣ በእግር ለመጓዝና በድንኳን ለማደር የሚመጣው እንግዳ በአጥቢያችን ሲያልፍ እንዴት እንደምንቀበለው ነው። ጉዳዩ ከልማት ሥራ የራቀ የመሰለው ከመካከላችሁ ቢኖር አንፈርድበትም፤ ለእኛም ለብዙ ጊዜ እንደዚያው ይመስለን ነበር።

ስሜን በ1970 ዓ.ም. ከላሊበላ ጋር በዓለም ቅርስ መዝገብ ከሰፈሩት የመጀመሪያዎቹ 12 ቦታዎች አንዱ ነው። የዋልያው ቁጥር በመመናመኑና እርሻውም ግጦሹም ወደ ፓርኩ በመግፋቱ በ1989 ዓ.ም. አደጋ ካንዣበበባቸው ቅርሶች ተርታ ገባ፤ ከዚያ ተርታ የወጣው በ2009 ዓ.ም. ነው። በመካከል ባሉት 20 ዓመታት ዋጋ የከፈለው ማን እንደ ሆነ እናንተ ከእኛ ይልቅ ታውቃላችሁ። የግጭ ሰዎች ቀያቸውን ለቀው ደባርቅ ሰፍረዋል፤ ሌላውም ገበሬ ከብቱን ያሰማራበት ከነበረው ሜዳ ተከልክሏል። ስለዚህ ከጎብኚው ገቢ ድርሻ አለኝ ቢል በመብቱ ነው። በቅሎ አከራዩም፣ ስካውቱም፣ ምግብ አብሳዩም የእኛው አጥቢያ ምእመናን ናቸው።

የጉዞው ወቅት በጋ ነው። በባሕር ማዶ ሰዎች ዘንድ የዕረፍት ጊዜ የሆኑት ሐምሌና ነሐሴ በስሜን የጉምና የጭቃ ወራት ናቸውና፣ ያን ጊዜ የመጣ እንግዳ ብዙውን ጊዜ ገደሉን እንኳ ሳያይ ይመለሳል። መንገዱ ደርቆ ሰማዩ የሚጠራው ከጥቅምት እስከ የካቲት ነው፤ ልደትና ጥምቀትም የሚውሉት በዚሁ መካከል ነው። ከሳንካበር ተነሥቶ በግጭና በጨነቅ አድርጎ ወደ ራስ ደጀን የሚያቀናው መንገደኛ ታቦት ሲወጣ ያገኘናል ማለት ነው። ባለፉት ዓመታት በጸጥታው ችግር ምክንያት መንገዱ ጭር ብሏል፤ በዚህ ሥራ የሚተዳደረውም ቤተሰብ ተጎድቷል። እንግዳው ሲመለስ ግን ለመመካከር ፋታ አይኖረንም፤ ስለዚህ ምክሩን አሁን ብንጨርስ እንመርጣለን።

ከዓመታት በፊት በአንድ አጥቢያ የሆነውን እንንገራችሁ፤ ስሙን አንጠራም። ከጸበሉ በላይ ነፋስ የማይበረታበት፣ ለውኃ የሚቀርብ ለጥ ያለ ሜዳ አለ፤ ድንኳን የሚተክል ሁሉ የሚመርጠው ነው። የአጥቢያው ሰዎችም ለቦታው ጥቂት ብር እየተቀበሉ ደስ ብሏቸው ነበር። መጸዳጃ ግን አልተቆፈረም። በጋው አልፎ የሰኔ ዝናብ ሲጥል ከሜዳው ወደ ጸበሉ ምን እንደ ወረደ መናገር አያሻም። ለጸበል የመጡ ሕሙማን አዘኑ፤ ከዚያው ወራጅ ውኃ የሚጠጡ ሕፃናትም ታመሙ። ያን ጊዜ “ብሩስ የት ገባ?” የሚል ጥያቄ ተነሣ። ብሩ በደረሰኝ አልተሰበሰበም ነበርና መልስ የሚሰጥ ጠፋ፤ ጉባኤው ለሁለት ተከፍሎ እስኪታረቅ ዓመት ፈጀ። በዚያው አጥቢያ የውኃ ሥራ ስንሠራ ድንኳኖቹን በዓይናችን አይተናቸዋል፤ አንዲት ቃል ግን አልተነፈስንም። ይህ ጥፋት የእኛም ነው።

በፓርኩ ውስጥ ያሉትን የማደሪያ ስፍራዎች ፓርኩ ያስተዳድራቸዋል። በአጥቢያው ይዞታ ላይ ግን የሚወስነው ሰበካ ጉባኤው ነው። መጸዳጃው ከምንጭ ቢያንስ 30 ሜትር ይራቅ፤ የሚቆፈረውም ከምንጩ በታች በኩል ይሁን። በእኛ ተራራ ዐለቱ ቅርብ ስለ ሆነ አፈሩ ጠለቅ ያለበትን ቦታ ፈልጎ ማግኘት ጊዜ ይወስዳል፤ እንግዳው ደጅ ከቆመ በኋላ የሚሠራ አይደለም። የማገዶውም ነገር እንደዚሁ ነው። ሌሊቱ ውርጭ በመሆኑ እሳት የማይወድ መንገደኛ የለም፤ አስታ ግን በዚያ ብርድ የሚያድገው እጅግ ቀስ ብሎ ነው። ከዐጸደ ቤተ ክርስቲያን አንዲት ቅርንጫፍ እንዳትቆረጥ፣ አብሳዮቹም ምድጃቸውን ከነጋዙ ይዘው እንዲመጡ አስቀድሞ ይነገራቸው።

ቤተ ክርስቲያኑን ማየት የሚሹም ብዙዎች ናቸው። ደጃዝማች ውቤ ለራሳቸው ንግሥ ያሳነጿትን፣ በየካቲት 1847 ዓ.ም. ግን ዐፄ ቴዎድሮስ የነገሡባትን ደረስጌ ማርያምን ለማየት ከመንገዱ ወጥቶ የሚሄድ አለ። ጫማ እንደሚወልቅ፣ ወደ መቅደስ እንደማይገባ፣ በቅዳሴ ሰዓት ፎቶግራፍ እንደማይነሣ በአማርኛና በእንግሊዝኛ ጽፎ በሩ ላይ መለጠፍ ብዙ ጭቅጭቅ ያስቀራል። የመግቢያ ክፍያ ከተወሰነም በዚያው ሰሌዳ ላይ ይጻፍ። በየሰው ፊት የሚለዋወጥ ዋጋ እንግዳውን ያስቀይማል፤ ተቀባዩን ካህንም ለሐሜት ይዳርጋል።

አንድ ነገር ለካህናት አባቶች ለይተን እናሳስባለን። ጎንደር ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,100 ሜትር ሲሆን ሳንካበር ከ3,200፣ ጨነቅ ከ3,600 ያልፋል፤ ራስ ደጀን 4,533 ሜትር ነው። በአንድ ወይም በሁለት ቀን ይህን ያህል የወጣ ሰው፣ ጎልማሳም ብርቱም ቢሆን፣ ከፍታው ሊያሳምመው ይችላል፤ ለንግሥ ከቆላ የሚመጣው የእኛው ወገንም ቢሆን ከዚህ አያመልጥም። ራሱን እየፈለጠው የሚያስመልሰው ሰው ዕርምጃው መንገዳገድ ከጀመረ፣ ወይም ዐርፎ ተቀምጦ ትንፋሹ ካጠረው፣ “ይደር፤ ጧት ይሻለዋል” አይባል። ጸሎቱ ሳይቀር፣ ሌሊትም ቢሆን በበቅሎ ጭኖ ወደ ታች ማውረድ ነው።

ስለ ልጆቹም ጥቂት እንበል። እስክሪብቶና ከረሜላ ለመለመን ከትምህርት ገበታ ቀርቶ መንገድ ዳር የሚውል ልጅ በየአጥቢያው አለ። እንግዳው የሚሰጠው ከርኅራኄ ነውና አንወቅሰውም፤ ስጦታው በሰንበት ትምህርት ቤቱ ወይም በመምህራኑ እጅ እንዲያልፍ አስጎብኚዎቹን መለመን ግን የእናንተ ፋንታ ነው።

ለእያንዳንዱ አጥቢያ የአንድ ገጽ ናሙና ደንብ አዘጋጅተናል፤ ስትወጡ ከበሩ ላይ ትወስዳላችሁ። የድንኳን ቦታው ክፍያ ስንት እንደሚሆንና ገንዘቡ በምን ላይ እንደሚውል የሚጻፍበትን መስመር ባዶውን ትተነዋል፤ እርሱን ከበቅሎ አከራዮቹና ከውኃው ተጠቃሚዎች ጋር ተቀምጣችሁ ሙሉት፤ ለምእመናኑም ከቅዳሴ በኋላ አንብቡላቸው። እስከ መስከረም መጨረሻ ለሚደርሱን ደንቦች የመጸዳጃውን ቦታ አብረን ለመምረጥ ባለሙያ እንልካለን።