ቦርሳ በአሜሪካ ሲሰረቅ

አቅራቢ ሀ፦ በአሜሪካ የሚኖር ሰው ቦርሳው ባቡር ላይ ወይም ገበያ ውስጥ ሲሰረቅ ከጥሬ ገንዘቡ ይልቅ የባንክ ካርዱ ያሳስበዋል። ጥሬ ገንዘቡ አንዴ ሄዷል፤ ካርዱ ግን በሌባው እጅ እስካለ ሒሳቡን ሊያራቁት ይችላል። ስለዚህ በቅድሚያ የሚደወለው ለባንክ ነው።

አቅራቢ ለ፦ ካርዶቹ ግን እኩል ጥበቃ የላቸውም። በፌዴራል ሕግ መሠረት ሌባ በክሬዲት ካርድ ላወጣው ወጪ ባለቤቱ ከ50 ዶላር በላይ አይጠየቅም። የዴቢት ካርድ ጥበቃ በፍጥነት ላይ የተመሠረተ ነው። መሰረቁን ባወቀ በ2 የሥራ ቀናት ውስጥ ካሳወቀ ኪሳራው ከ50 ዶላር አያልፍም፤ ከዘገየ እስከ 500 ሊደርስ ይችላል። በሒሳብ መግለጫው ላይ የወጣውን የሌባ ወጪ በ60 ቀናት ውስጥ ካላሳወቀ ደግሞ ከዚያ በኋላ የሚወሰደው ሁሉ በራሱ ላይ ሊቀር ይችላል። ብዙ ስደተኛ የሚጠቀመው ዴቢት ካርድ መሆኑ ጉዳዩን ያከብደዋል።

አቅራቢ ሀ፦ ለፖሊስ ማመልከትን «ለትንሽ ነገር» ብሎ መተው ስህተት ነው። ዕቃው ባይገኝ እንኳ የሪፖርቱ ቁጥር ለኢንሹራንስና ለባንክ ማስረጃ ይሆናል። 911 የሚደወለው ስርቆቱ እየተፈጸመ ከሆነ ነው፤ ካለፈ ግን አስቸኳይ ላልሆነ ጉዳይ የተመደበው የአካባቢው ቁጥር አለ። እንግሊዝኛ የሚቸግረው አስተርጓሚ ይጠይቅ።

አቅራቢ ለ፦ ከባንክ ካርዱ ጋር ግሪን ካርድም ከተሰረቀ በቅጽ አይ-90 ይተካል። ዕድሜው 18 የሞላ ነዋሪ ግሪን ካርዱን ይዞ እንዲንቀሳቀስ ሕጉ ያስገድዳል፤ የሶሻል ሴኩሪቲ ካርድ ግን ቤት ይቀመጥ።