ከዘር ጋር የሚዘራ በሽታ
በገላን በተደረገው የምሩቃን መገናኛ ላይ የቀረበ ንግግር

ውድ የአለማያ ልጆች፣

አዘጋጆቹ «አጠር አድርገው፣ ምሳው ይቀዘቅዛል» ስላሉኝ ስለ አንድ ነገር ብቻ ልናገር፦ ስለ ማሽላ አረማሞ። እዚህ ገላን ፋብሪካ ያልደረሰበት ማሳ ጤፍና ስንዴ ነው። ግን ስንቶቻችን ሐረርጌ፣ ወሎ፣ ሸዋ ሮቢት ማሽላ የሚያርስ አባት ወይም አጎት አለን!

የኮሌጃችን ልጅ ፕሮፌሰር ገቢሳ ኤጄታ አቀንጭራን የሚቋቋም ማሽላ አውጥተው እ.ኤ.አ. በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማትን ወስደዋል። አቀንጭራ ረጅም ምርምር የጠየቀ ጠላት ነው። የአረማሞ መድኃኒት ግን ከታወቀ ቆይቷል፤ ርካሽም ነው። ታዲያ ለምን አልጠፋም?

እኔ እንደሚመስለኝ ምክንያቱ ጊዜው ነው። እህሉ ሲወቃ የታመመው ዛላ ይፈርጥና ጥቁሩ ዱቄት ጤነኛው ፍሬ ላይ ይለጠፋል። ዘሩን በእጅ ዘግነው ሲያዩት ምንም የለውም። ሲዘራ ፈንገሱም አብሮ ይነቃና ቡቃያው ከአፈር ሳይወጣ ይገባበታል። ከዚያ ከአገዳው ጋር ዝም ብሎ ያድጋል። ዛላው ሲወጣ ነው በፍሬው ፋንታ ዱቄት የሞላው ከረጢት የሚታየው። ያኔ ቢረጩ ዋጋ የለውም። ገበሬውን የምንለው እንግዲህ «ደህና ለሚመስል ዘር ገንዘብ አውጣ» ነው። እኛስ ብንሆን እናወጣ ነበር?

በመስመር ለሚዘራ አንድ ሄክታር 10 ኪሎ ገደማ ዘር ይበቃል። ይህን በታይራም ማሸት የአንድ ጠዋት ሥራ ነው። ግን የታሸ ዘር ቢተርፍ አይበላም፤ አጥቦ ማስፈጨትም አያድነውም። ጎተራ በሚጎድልበት ክረምት ይህን ለአንዲት እናት መንገር ቀላል አይደለም። ስለዚህ የሚዘራው ብቻ ይታሽ።

(የገብስ ልቅ አረማሞ ሌላ ነው። እሱ ፍሬው ውስጥ ስለሚያድር ላይ ላዩን የሚቀባ መድኃኒት አይደርስበትም። የሱልልታ ልጆች እንዳትሳሳቱ።)

መድኃኒት ከሌለስ? ጥቅምት ላይ አገር ቤት ስትሄዱ አሮጌ ማዳበሪያ ይዛችሁ ማሳው ውስጥ ግቡ። የታመመውን ዛላ ሳይፈርጥ ቆርጣችሁ ማዳበሪያው ውስጥ ክተቱና አቃጥሉት። ለዘር የሚሆነውን ከንጹሁ ቦታ ራሳችሁ ምረጡ። እናቶቻችን የዘር ዛላ ከምድጃ በላይ ይሰቅሉ የለ? እዚያው ይሰቀል፤ ከሌላው እህል ጋር ግን አንድ አውድማ ላይ አይወቃ።

ጥያቄ ካለ ምሳ ላይ እመልሳለሁ።