«ጃጅተዋል» ስለምንላቸው ሰዎች



አያቴ የዶርዜ ሰው ናቸው። አርባ ምንጭ፥ ሴቻ፥ ከእኛ ጋር ሲኖሩ ማታ ማታ «ወደ ቤቴ መልሱኝ» ይሉ ጀመር። «ቤትዎ ይኸው ነው» እያልን እንከራከራቸው ነበር። ጎረቤት «ጃጅተዋል» ብሎ ሣቀ፤ እኔም ሥቄአለሁ።

ነገሩ ግን እርጅና ብቻ ሳይሆን የአንጎል በሽታ ነው። ዋነኛውን ዓይነት ጀርመናዊው ሐኪም አልዛይመር እ.ኤ.አ. በ1906 ገልጾታል፤ ፈጽሞ የሚያድን መድኃኒት እስከ ዛሬ አልተገኘም። በሽታው አስቀድሞ የሚወስደው የቅርቡን ትዝታ ነው፤ እጅ የለመደው ሥራ ብዙ ጊዜ ይቆያል።

ይህን ካነበብሁ በኋላ ክርክሩን ትቼ ባዘቶና እንዝርት ሰጠኋቸው። ስሜን ረስተዋል፤ ፈትሉን ግን አልረሱም። «ወደ ቤቴ» ሲሉ ስለ ዶርዜ እጠይቃቸዋለሁ፥ እየፈተሉም ያወሩኛል።