የማታ ተማሪ ታሪኩን ሲጽፍ፦ የጎልማሶች ትምህርትና አጭር ልቦለድ
(በኅብረት ሥራ ዩኒየኑ የምሥረታ በዓል ላይ ለአባላት የቀረበ ንግግር)



የኅብረት ሥራ በዓል ሲከበር ብዙውን ጊዜ የሚነሣው ስለ ማዳበሪያ፣ ስለ ምርጥ ዘር፣ ስለ መጋዘንና ስለ ትርፍ ክፍፍል ነው። ይህም ተገቢ ነው። የዛሬው ርዕስ በኩንታል የማይመዘን ነው፤ ጎልማሳ ገበሬዎችን በማታ ትምህርት አጭር ልቦለድ እንዲጽፉ ስለ ማስተማር ነው። ርዕሱ በመጀመሪያ ሲሰማ ለከተማ ሰው እንጂ ለከላላና ለመካነ ሰላም ገበሬ የሚሆን አይመስልም። ነገሩ ግን ከኅብረት ሥራ አጀማመር ጋር የተያያዘ ነው።

በ1844 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝ አገር በሮችዴል ከተማ 28 ሰዎች ትንሽ ገንዘብ አዋጥተው ዱቄት፣ ቅቤና ስኳር የሚሸጥ ሱቅ ከፈቱ። ከእነርሱ መካከል ብዙዎቹ ሸማኔዎች ነበሩ። ማኅበሩ ሲጠናከር ከትርፉ 2.5 በመቶውን ለአባላት ትምህርት መደበ፤ ቤተ መጻሕፍትና የንባብ ክፍልም አቋቋመ። በ1995 እ.ኤ.አ. ዓለም አቀፉ የኅብረት ሥራ ኅብረት ካጸደቃቸው ሰባት መርሆዎች አምስተኛው ትምህርት፣ ሥልጠናና መረጃ የሆነው ያለ ምክንያት አይደለም። በአገራችንም የኅብረት ሥራ ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 985/2009 ይህንኑ መርህ ይዟል። ስለዚህ ማኅበር ለአባላቱ ትምህርት የሚያወጣው ገንዘብ ከጅምሩ የነበረ ግዴታው ነው።

ፊደል ለምን ይጠፋል?

ኢትዮጵያ ጎልማሶችን በማስተማር ረገድ ትልቅ ታሪክ አላት። በ1967 ዓ.ም. በእድገት በኅብረት ዘመቻ ተማሪዎችና መምህራን ወደ ገጠር ተሰማሩ። በሐምሌ 1971 ዓ.ም. ብሔራዊው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ተጀመረ፤ በሂደትም በ15 ቋንቋዎች ተካሄደ፤ በ1980 እ.ኤ.አ. ደግሞ በዩኔስኮ በኩል የሚሰጠውን ዓለም አቀፍ ሽልማት አገኘ። ከ2003 ዓ.ም. አካባቢ ጀምሮም የተቀናጀ ተግባር ተኮር የጎልማሶች ትምህርት ተከፍቶ ንባብና ስሌት ከእርሻ፣ ከጤናና ከቁጠባ ጋር እንዲሰጥ ተደረገ።

ሆኖም በየቀበሌው አንድ የሚታወቅ ነገር አለ። በዘመቻው ጊዜ የምስክር ወረቀት የተቀበሉ ብዙ አባቶችና እናቶች ከጥቂት ዓመታት በኋላ ተመልሰው በጣት አሻራ ወደ መፈረም ገቡ። ይህ የሆነው ሰነፎች ስለነበሩ አይደለም። ፊደሉን ከለዩ በኋላ የሚያነቡት አላገኙም፤ የሚጽፉት ጉዳይም አልተሰጣቸውም። ማረሻም ቢሆን ሳይሠራበት ከከረመ ይዝጋል። ጎልማሳው ስሙን መጻፍ ከቻለ በኋላ «ቀጥሎ ምን ልጻፍ?» ብሎ ቢጠይቅ መልስ የሚሰጠው ያስፈልገዋል። አጭር ልቦለድ ከመልሶቹ አንዱ ነው።

ልብ የወለደው

አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በ1900 ዓ.ም. ሮም ላይ ያሳተሙት የመጀመሪያው የአማርኛ ረጅም ልቦለድ ርዕሱ «ልብ ወለድ ታሪክ» ነበር። ቃሉ ራሱ ትርጉሙን ይናገራል፤ ልብ የወለደው ማለት ነው። በአጭር ልቦለድ ረገድ ታደሰ ሊበን በ1949 ዓ.ም. ባሳተሙት «መስከረም» በተባለው መድበል ፈር ቀዳጅ ሆነው ይጠቀሳሉ። አጭር ልቦለድ እንደ ረጅሙ ብዙ ዘመንና ብዙ ሰው አይሸከምም። አንድ ሰው፣ አንድ ጉዳይ፣ አንድ ጭንቅ ይበቃዋል። ቀን ሲያርስ ውሎ ማታ አንድ ሰዓት ብቻ ለሚያገኝ ተማሪ የሚመቸውም ስለዚህ ነው።

ወሎ ደግሞ የቃል ሀብት ያነሰው አገር አይደለም። መንዙማው፣ ቅኔው፣ የሠርግና የለቅሶ ግጥሙ፣ በቡና ሰዓት የሚወጋው ወግ አለ። ሆኖም አንድ ሽማግሌ ባረፉ ቁጥር ያልተጻፈው ሁሉ አብሮ ይቀበራል። አለቃ ለማ ኃይሉ የሕይወት ትዝታቸውን ተናግረው ልጃቸው ደራሲው መንግሥቱ ለማ በመጽሐፍ ባያወጡት ኖሮ ዛሬ የሚያነበው አይኖርም ነበር። ያ መጽሐፍ ለማታ ትምህርትም አንድ መንገድ ያሳያል። እጃቸው ለመጻፍ ያልፈታ አዛውንት ይናገራሉ፤ አጠገባቸው የተቀመጠው ወጣት ይጽፋል፤ ተመልሶም ያነብላቸዋል፤ እርሳቸውም «እንዲህ አላልኩም» ብለው ያርማሉ። ሁለቱም ተማሪዎች ናቸው።

እንዴት ይሰጣል?

ብራዚላዊው ፓውሎ ፍሬሬ በ1963 እ.ኤ.አ. አንዢኮስ በተባለች ከተማ ወደ 300 ለሚሆኑ ጎልማሶች ንባብና ጽሕፈት ያስተማረው ቃላቱን ከራሳቸው ኑሮ በመውሰድ ነበር። ለግንበኛ የመጀመሪያው ቃል «ጡብ» ቢሆን ነገሩ ወዲያው ይገባዋል። በከላላ ደጋ ለሚገኝ ገበሬም መነሻ የሚሆኑት ጥማድ፣ መቀናጆ፣ አውድማ፣ ሚዛን፣ ብድር፣ ደቦ የሚሉት ቃላት ናቸው።

አንድ ምሳሌ እንመልከት። አንድ ተማሪ እንዲህ ብሎ ጻፈ እንበል፦ «አንድ ገበሬ በሬው ሞተበት። በጣም አዘነ። በኋላ ማኅበሩ ረዳው። ስለዚህ መረዳዳት ጥሩ ነው።» ይህ የስብሰባ ሪፖርት እንጂ ልቦለድ አይደለም። መምህሩ ግን «ስሕተት ነው» ብሎ በቀይ እስክሪብቶ አይሰርዘውም። ይልቁንስ ይጠይቃል። «አባባ፣ በሬው የሞተው መቼ ነው?» «ሰኔ ሊገባ ሲል።» «መቀናጆ ነበረው?» «አዎ፣ ጎረቤቱ።» «በማግሥቱ ጠዋት ያ ጎረቤት ምን አደረገ?»

ታሪኩ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። ጎረቤትየውም ያለው አንድ በሬ ብቻ ነው። ዝናቡ አይጠብቀውም። ሌላ ባለ አንድ በሬ ገበሬ ከወዲያ ማዶ «እንቀናጅ» ብሎ ልኮበታል። ከሄደ የልጆቹን እህል ያተርፋል፣ ወዳጁን ግን ያጣል። ከቀረ ወዳጁን ይይዛል፣ እርሻው ግን ጦም ያድራል። ተማሪው ይህን ሲያገኝ ክፍሉ በሙሉ ይነሣል፤ አንዱ «ይሂድ» ይላል፣ ሌላው «ነውር ነው» ይላል። ክርክሩ የሚያሳየው ታሪኩ ሕይወት ማግኘቱን ነው። ፍጻሜውም ስብከት አያስፈልገውም። በሬው የሞተበት ሰው ጎህ ሲቀድ ከቤቱ ሆኖ ከማዶ የጅራፍ ድምፅ ቢሰማና የማን እጅ እንደሆነ ቢያውቀው ይበቃል። አንባቢው የቀረውን ራሱ ይፈርዳል።

ከዚህ ምሳሌ የሚወጡት የማስተማሪያ ነጥቦች ጥቂት ናቸው። ሰውየው ምን ይፈልጋል? ማን ወይም ምን ይከለክለዋል? ምን ያጣል? በየትኛው ቀን፣ በየትኛው ሰዓት፣ በየት ቦታ? «አዘነ» ከማለት ሲያዝን እጁ ምን እንደሠራ መጻፍ። ምክሩን ከመጨረሻው አረፍተ ነገር ላይ ማንሣት። ስለ ትልም፣ ስለ ገጸ ባሕርይና ስለ ግጭት ጥልቀት ያለው ማብራሪያ የሚፈልግ መምህር ደግሞ የዘሪሁን አስፋውን «የሥነ ጽሑፍ መሠረታውያን» (1992 ዓ.ም.) ማንበብ ይችላል።

ጥንቃቄ የሚያሻቸው ጉዳዮች

አንደኛ፣ ጎልማሳ ተማሪ በልጆቹ ፊት መሳሳት ያሳፍረዋል። የሀ፣ የሐ እና የኀ ልዩነት በመጀመሪያው ምሽት ከተነሣበት በሁለተኛው ምሽት አይመጣም። መጀመሪያ ታሪኩ ይውጣ፤ ፊደሉ በኋላ ይታረማል።

ሁለተኛ፣ በአንድ ቀበሌ ሰው ሁሉ ይተዋወቃል። ልቦለድ የጎረቤትን ገመና ማውጫ እንዳይሆን ስም፣ ቦታና የቤተሰብ ሁኔታ መለወጥ አለበት። የሚቀየም ሰው ካለ ታሪኩ ከመነበቡ በፊት እንጂ ከተነበበ በኋላ ማሰብ አይጠቅምም።

ሦስተኛ፣ ማታ ለሁሉም ማታ አይደለም። ወንዱ ከእርሻ ተመልሶ እግሩን ሲታጠብ ሴቷ እሳት ላይ ናት። ትምህርቱ እናቶችን እንዲያካትት ከተፈለገ እሑድን ወይም እርሻ የማይታረስበትን የበዓል ቀን መምረጥ ያስፈልጋል። ከኅዳር እስከ ጥር አጨዳና ውቂያ ስለሚበዛ የተሻለው ወቅት ከዚያ በኋላ እስከ ግንቦት ያለው ነው። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህ ደግሞ በአማራ ክልል በተከሰተው ግጭት በርካታ ትምህርት ቤቶች ተዘግተዋል። በምሽት መንቀሳቀስ በማይቻልበት ቦታ ቀኑን መጠቀም ግድ ይሆናል።

ማኅበሩ ምን ያተርፋል?

ታሪክን በቅደም ተከተል የጻፈ ሰው አቤቱታንም በቅደም ተከተል ይጽፋል። ማን፣ መቼ፣ የት፣ ምን እንደተባለ መለየት ለልቦለድም ለማመልከቻም የሚያገለግል ችሎታ ነው። ዛሬ ብዙ ገበሬ ጉዳዩን ለራፖር ጸሐፊ ከፍሎ ያስጽፋል፤ የተጻፈው የእርሱ ቃል ይሁን አይሁን ግን አያውቅም። ቃለ ጉባኤን አንብቦ «እኛ የወሰንነው እንዲህ አይደለም» የሚል አባል የማኅበሩ ጠባቂ ነው። የሌላውን ሰው ጭንቅ ገብቶ የጻፈ አባልም በጠቅላላ ጉባኤ ላይ ከመጮኹ በፊት ማዳመጥን ይለምዳል።

ለዚህ የሚጠየቀው ብዙ አይደለም። ከመጋዘኑ ጎን አንድ ክፍል፣ የፀሐይ ብርሃን መብራት፣ ደብተርና እርሳስ፣ ለአንድ መምህር መጠነኛ አበል፣ ጥቂት መጻሕፍት የያዘ መደርደሪያ። ከሁሉም በላይ ደግሞ በሚቀጥለው የምሥረታ በዓል መጽሔት ላይ ለማታ ተማሪዎች ታሪክ ሁለት ገጽ ይተውላቸው። ሰው የጻፈው እንደሚነበብ ካወቀ ፊደሉን አይረሳም።

የተከበራችሁ አባላት፣ የሮችዴል ሸማኔዎች ከዱቄቱ ጎን መጽሐፍ ያስቀመጡት ጠግበው ስለተረፋቸው አልነበረም። ሂሳቡን የሚያነብ አባል የሌለው ማኅበር በሌላ ሰው እጅ እንደሚወድቅ ስለገባቸው ነው። በዚህ በዓል የጣት አሻራ ማተሚያ ቀለሙን ወደ ጎን የሚያስቀምጥ ውሳኔ ቢወሰን ለሚመጣው ትውልድ ጥሩ ዘር ይሆናል።